መቋጫ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሉባባ ናት፤
«የካሴት ላይብረሪው ጠፋ» አለች፣ ድምፅዋን ሰብሮት ድካምና ፍርሃት።
«ሰረቁት እንዴ?»
«ኧረ እዚሁ ቆሟል! መብራቱም አረንጓዴ፤
ሰርቨሩ ነው አላየሁም ያለው፤ አንተው ውረድና ጠይቀው በዘዴ።»

ጦሳ እስካፍንጫው ጭጋግ ተከናንቦ፣
ወረድኩ በሐረጎ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ሆዴ ተርቦ፤
ከታች ኮምቦልቻ ፀሐይዋን አስጥታ፣
የቦርከናን ሽታ ከጥጥ ብናኝ ጋራ ባንድ ወንፊት ነፍታ
ጠበቀችኝ።

የፋብሪካው ሰርቨር ክፍል ድሮ የቀለም መጋዘን ነበር፤
ግድግዳው እስካሁን ሰማያዊ ያልበዋል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር።
በመስታወቱ አየኋት፤ የሮቦቷ ክንድ
ካሴት ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ ትቆጥራለች ከአንድ፣
ማንም ሳያዛት።

ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጥኩ። ዩኒክስ ወሬ አይወድም፤
ባላየው ነገር ለወዳጅም ለባዳም አይፈርድም።
ስካን አልኩት። አንድ ዲስክ፣ ሁለት ዲስክ፣ ከዚያ ዝም።
ደገምኩት። አሁን ስምንት ሮቦት፣ የስምንቱም አንድ ስም።
በሦስተኛው፣ ምንም።
ድራይቨሩን ነቅዬ ተከልኩ፣ የመሣሪያ ፋይሎቹን ደምስሼ ፈጠርኩ፣
ቁጥራቸው ተጋጭቶ እንደሁ ብዬ አንድ ባንድ መረመርኩ፤
የባክአፑ ሶፍትዌር ግን ቃሉ ያው ነው፦ «መሣሪያ አልተገኘም»።

ሉባባ በመስኮቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሴት አሳየችኝ።
«እትዬ ዘይነባ። ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ ሸምነዋል። ማኅደራቸው
በጦርነቱ ጊዜ ጓሮ ተበትኖ ነፋስ ነው ያነበበላቸው፤
የቀረው ካሴቱ ላይ ነው፤ ስማቸው፣ የገቡበት ቀን፣ ደሞዛቸው።»

አሻቅበው አዩኝና «አብሽር ልጄ» አሉ፣ «ይገኛል፤
የጠፋ ክር በዓይን አይፈለግም፣ በጣት ይዳሰሳል።»

ተንበረከኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አቧራና ጥጥ መሃል፣
ጣቴ ገመዱን ተከተለ፤ ከሰርቨሩ ይነሳል፣
ሮቦቷ ጋ ይደርሳል፣ ካንዱ ድራይቭ ወደ ሌላው ይሻገራል፣
የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ግን፣ ባዶ።
አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ መሃሉ ላይ እንደተቋረጠ መርዶ።

አውራ ጣት የምታህል ናት፤ አትቆጥር፣ አታነብ፣ አታወራ፣
«ገመዱ እዚህ አበቃ» ማለት ነው፤ ሌላ የላት ሥራ።
እሷ ከሌለች ቃል ይመለሳል፤
ሐረጎ ገደል አፋፍ እንደጮኹ ሁሉ፣ ያሉት ይደገማል፤
ሰርቨሩ «ማነህ?» ይላል፣ ገመዱ «ማነህ?» ይለዋል፣
ከገዛ ድምፁ ጋር ሲሟገት የሮቦቷ መልስ ይጠፋል።

«ይህቺን ማን ነቀላት?»
የንብረት ክፍሉ ይመር፣ አንገቱን እያከከ፣ መሳቢያውን ሳበ፤
በፌስታል ጠቅልሎ፣ ወረቀት ለጥፎባት ነበር፤ ራሱ አነበበ፦
«ትርፍ ክዳን፤ ብዛት አንድ፤ ገቢ የሆነ በጥር።»
ቀና አለና፣ «ከምንም ጋር አልተያያዘችም፤ ታዲያ ለምን ትኑር?»

መልስ አልነበረኝም። ሁሉን አጠፋሁ፣ ሰካኋት፣ አጠበቅኋት፣ አበራሁ።
አንድ ሮቦት። ሁለት ድራይቭ። ከዚያ በላይ አላየሁ።
ሶፍትዌሩም፣ ያ ጉደኛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣
«አርባ ካሴት ተገኝቷል» ብሎ ቆጠረ።

ክንዷ አሥራ ሰባተኛዋን አንስታ ድራይቩን አጎረሰች፤
ካሴቷ ዞረች፣ ቆመች፣ ወደኋላ ተመለሰች።
«እንዝርት ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ ከውጭ ሆነው፣ ድምፁን ሰምተው።

ዘይነባ የሚለው ዜነባ ተብሎ ተጽፏል።
የገቡበት ቀን አለ። መነሻ ደሞዝ፣ መቶ አምስት ብር፣ አለ።
ሉባባ አተመችው፣ ማኅተሙን ሁለቴ መታች፣
አንዱ ስለደበዘዘ።

ልወጣ ስል ይመር የወጪ ሰነድ ይዞ በሩን ዘጋ፤
ያለ ፊርማ እንኳን ክዳን ቡሎንም አይወጣም እሱ ጋ።
«ብዛት፣ አንድ» ጻፍኩ። «ተረካቢ»፣ ስሜን። «ለምን አገልግሎት» ላይ
ብዕሬ ቆመ።
እትዬ ዘይነባ ወረቀታቸውን አጣጥፈው በጉያቸው እየከተቱ፣
«መቋጫ በለው» አሉኝ፣ «ያልተቋጨ ጋቢ ምኑ ይለበሳል?»

እንዳሉኝ ጻፍኩ።